በፌስታል የመጣው አፈር

ለ፦ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ሁሉ፤ ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች፣ ለዲኖች፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ የመማር ፍላጎታቸውን በገዛ እጃችን ስላጠፋንባቸው ተማሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በምረቃ ቀን የአንድ ተማሪዬ አባት ፈልገው መጡኝ። ከጎጃም ደጋ ሌሊት ተነሥተው፣ ሁለት መኪና ቀይረው የደረሱ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ዳቦ ቆሎ መስሎኝ ነበር። ልጃቸው ጋዋኑን እንደለበሰ አጠገባቸው ቆሟል።

«የአፈሩ መምህር እርስዎ ነዎት አሉኝ» አሉ ከሰላምታ በኋላ። «ልጄ ስለ አፈር ተማርኩ ይለኛል። እኔም ከመሬቴ ዘግኜ አመጣሁለት። ማዳበሪያ ብጨምርበት ብጨምርበት ገብሱ ከጉልበት አያልፍ፤ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ተስፋ ቆርጬ እንግዶ ዘራሁበት። አሁንማ እሱንም እንጃ። ምን ሆኖብኝ ነው?»

ፌስታሉን ፈትተው ለልጃቸው አቀበሉት። ልጁ አንድ ጭብጥ አወጣ። ቀይ አፈር ነው። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፤ አባቱን አየ፤ እኔን አየ፤ አቀረቀረ።

«ንገራቸው እንጂ» አልኩት።

«ቲቸር፣ እኔ እንዲህ ያለውን አልተማርኩም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባትየው ልጃቸውን ከእፍረት ሊያወጡት ፈጥነው «ግድ የለም፤ ደክሞት ነው» አሉ።

ይህ ልጅ በእኔ ኮርስ ኤ ያገኘ ነው። የፈተና ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። አፈር አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ሟሙቶ የሰብሉን ሥር እንደሚጎዳ፣ አፈሩ ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ ማዳበሪያው ሥሩ ጋ ሳይደርስ እንደሚቀር፣ መፍትሔውም የግብርና ኖራ እንደሆነ ከነኬሚካል ቀመሩ በእንግሊዝኛ አሳምሮ ጽፎልኛል። ከሚታረሰው የአገራችን መሬት 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ችግር የተጠቃ መሆኑን እንኳ አልረሳም። አባቱ የጠየቁት ያንኑ የፈተና ጥያቄ ነበር። በገብስና በእንግዶ ስም ስለመጣበት አላወቀውም። ወረቀቱ ላይ ያለው አፈርና አባቱ የሚያርሱት አፈር አንድ መሆናቸውን ማንም ነግሮት አያውቅም። የመንገሩ ተራ የእኔ ነበር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥፋተኛውን ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት ራሴን ነው። ለ19 ዓመታት ያንኑ ኮርስ አስተምሬያለሁ። ስላይዱ ላይ በየዓመቱ የምቀይረው ቀኑን ነበር። ሀንድአውቱ ግቢው በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይባዛል፤ ካለፈው ባች የወረሰ ተማሪም አይቸገርም፤ አንድ ነጥብ አልተለወጠበትም። ፈተናው የሚጠይቀው ሀንድአውቱን ስለሆነ ተማሪውም የሚሸመድደው ሀንድአውቱን ነው። እነሱ «ችከላ» ይሉታል። ቸከሉ፣ ተፈተኑ፣ ረሱ። እኔም ውጤት አስገብቼ ወደሚቀጥለው ባች አለፍኩ።

የአፈር ፒኤች መለኪያዎቻችን ከነካርቶናቸው ንብረት ክፍል ተቀምጠው ነበር። በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል። በሞዴል 22 ለማውጣት የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል፤ ዕቃው ቢሰበር ደግሞ ከፈረመው ሰው ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ፤ ፈራሁና አልፈረምኩም። የተግባር ትምህርቱን ክፍለ ጊዜ በቲዎሪ ሸፈንኩት። በሴሚስተሩ መጨረሻ ግን «የተግባር ትምህርት ተሰጥቷል» የሚል ሪፖርት መጣልኝ። እሱን ፈረምኩ።

የመስክ ጉዞም በየዓመቱ በዕቅድ እናስገባለን። በየዓመቱ የነዳጅ በጀት አልቋል ይባላል። ማሳው ከግቢያችን አጥር ወዲያ ይታያል፤ ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩታል።

ልጁ ዛሬ የት እንዳለ ልንገራችሁ። በአንድ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። በላቡ የሚያድር ሰው ነው፤ ሥራው ክቡር ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ከተመረቀ ወዲህ አንድም ቀን አገር ቤት አለመሄዱ ነው። ደውዬ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ ያንን አፈር እንደገና ቢያሳየኝስ?» አለኝ።

በየስብሰባችን የምንለውን አውቃለሁ። «የዛሬ ተማሪ ፍላጎት የለውም፤ መሠረት ሳይኖረው ይመጣል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው» እንላለን። እኔም ስል ኖሬያለሁ። የመሠረቱ ነገር እውነት ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እኛ ጋ አራት አምስት ዓመት ቆይተው ሲወጡም በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው የመውጫ ፈተና፣ በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ያልደነገጠ መምህር የለም። ነገር ግን ደክሞ ለመጣ ልጅ ነገሩን በዓይኑ ማሳየት፣ በእጁ ማስያዝ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። እኛ የሰጠነው ለጎበዙም የማይበቃውን ነው።

ፍላጎት የለውም የምንለው ግን ሐሰት ነው። የፍሬሽማንን የመጀመሪያ ሳምንት አስታውሱ። እናቱ በሶ ቋጥራለት፣ አባቱ በግ ሸጦለት ይመጣል። ገና አንድ ተኩል ሳይሞላ ለሁለት ሰዓቱ ክፍል የፊት ወንበር ይይዛል። ቀጥሎ ዲፓርትመንት ይመደባል፤ ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ምርጫቸው ነው። ያልመረጠውን ትምህርት ለምን እንደሚማረው፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ ከመጣበት መንደር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነግረው የለም። በሁለተኛው ዓመት ወደ መሐል ወንበር፣ በሦስተኛው ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል። ስልኩን የሚያወጣው ያኔ ነው።

በክፍል ውስጥ «ጥያቄ አለ?» ስል ጸጥታ ነው። በእንግሊዝኛ ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን ዝምታን ይመርጣሉ። ክፍሉ ሲበተን ግን ኮሪደር ላይ ተከትለውኝ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠይቁኛል። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እኛ አገር ማሳ ላይ ገለባ ከተቃጠለ በዓመቱ እዚያ ቦታ ላይ ያለው እህል ያምራል። አመዱ እንደ ኖራ ያገለግላል ማለት ነው?» አመድ በእርግጥ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል። ልጁ ከእረኝነቱ ዘመን ይዞት በመጣው ዕውቀትና በእኔ ኮርስ መካከል ድልድዩን ራሱ ሠርቶ ነበር። ከዚህ ጥያቄ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣል። እኔ ግን ለሌላ ክፍል ረፍዶብኝ ስለነበር «አዎ፣ ልክ ነህ» ብዬው አለፍኩ። ኮሪደር ላይ ቀረ።

አፈር ሙያዬ ስለሆነ ስለ አፈር አወራሁ እንጂ ነገሩ የሁላችንም ነው። ችሎት ገብቶ ሳያይ የሚመረቅ የሕግ ተማሪ አለ። የአንድ ሱቅ የገቢና የወጪ ደረሰኝ በእጁ ሳይዝ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ የሚይዝ አለ። ለአፓረንትሺፕ ወጥቶ ወሩን ሙሉ ወረቀት ሲያባዛና ፋይል ሲያመላልስ ከርሞ የሚመለሰውን መቁጠር ያታክታል።

ይህ ሁሉ የሆነው ሌላ መንገድ ሳናውቅ ቀርተን ቢሆን ኖሮ ኀዘኔ በቀለለ ነበር። ግን እናውቃለን። ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ አምጥቶ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል። የትናንቱን ዛሬ መድገም፣ የባልንጀራውን አምጥቶ የእኔ ነው ማለት ነውር ነው። ያ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ይበላል፤ ደበሎ ለብሶ በብርድ ያድራል። ያም ሆኖ ዓመታትን ይቆያል፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው አገር አቋርጦ ይሄዳል። በየቀኑ የራሱን አዲስ ነገር ይዞ በመምህሩ ፊት ስለሚቆም፣ ሥራው ስለሚሰማለትና ስለሚታረምለት ነው። የመማር ፍላጎት የሚያድገው እንዲህ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርታችንም ሲጀመር ይህ አልጠፋውም። በ1945 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ደንቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ፈጀች፤ ለዚሁ መልስ እንዲሆን በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱና ከሕዝቡ መካከል ሆነው ይማሩ ነበር። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማድረስን አንድ ላይ አድርጎ ነበር። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። ሄደው የመጡት የአገራቸውን ኑሮ አይተው፣ የሚጠይቁትን ይዘው ተመለሱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው አድርጎ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ መንደር እየላከ አስተማረ። በእጃችን የነበረውን ነው የጣልነው።

ደንብ አላጣንም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና (ኤችዲፒ) ተጀመረ፤ እኔም ሠልጥኛለሁ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሞጁል መጣ፤ ተከታታይ ምዘና መጣ፤ አንድ ለአምስት የተማሪዎች አደረጃጀት መጣ። ሁሉም እየቆየ ቅጽ ሆነ። በቡድን ሥራው አንዱ ጎበዝ ይሠራል፤ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ተከታታይ ምዘናውም በአንድ ሴሚስተር ከአንድ ችከላ ወደ አምስት ችከላ ወሰደን። መምህሩ ቅጹን ሞላ፤ ኃላፊው ቅጹን ሰበሰበ፤ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ገንዘብ የለንም እንደምትሉም አውቃለሁ። ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድም አለ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቹ ከባዱን ስሌት እየሠሩ ቀላሉን የሐሳብ ጥያቄ ሲስቱ አየና ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማስተማር ዘዴውን ቀየረ። ሌክቸሩን በአጭር በአጭሩ ቆርጦ በየመሐሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ያስባል፤ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፤ እንደገና ይመልሳል። ይህ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ባለበት፣ መቶ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል። በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ነበር። በሌክቸር ብቻ ከተማሩት የወደቁት በአማካይ 33.8 በመቶ ሲሆኑ፣ እየተሳተፉ ከተማሩት የወደቁት 21.8 በመቶ ናቸው። ልዩነቱን በየግቢያችን ካሉ ልጆች ቁጥር ጋር አስሉት። ስንት ቤተሰብ እንደሆነ ይታያችኋል።

እኔም ባለፈው ዓመት ሞከርኩ። ያ ፌስታል እኔ ጋ ቀርቶ ቢሮዬ ነበር። ሞዴል 22 ላይ ፈረምኩና አንድ መለኪያ አወጣሁ። በኮርሱ የመጀመሪያ ቀን ስላይድ ሳልከፍት ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የአባትየውን ጥያቄ እሳቸው ባሉት ቃል ነገርኳቸው። ገብሱ ከጉልበት አያልፍም፤ ማዳበሪያው አልያዘለትም፤ ምን ሆኖ ነው? ሐምሳ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። ዙሪያውን ከበቡኝ። አሥር ግራም አፈር መዝነን በ25 ሚሊ ሊትር ውኃ በጠበጥን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲረጋ ተውነው። በዚያ መሐል እያንዳንዳቸው ግምታቸውን ጻፉ፤ ከጎረቤታቸው ጋር ተከራከሩ። በምን ቋንቋ እንደሚከራከሩ አልከለከልኳቸውም። ከኋላ ወንበር ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ተማሪ መጥታ መለኪያውን አነበበች፦ «አራት ነጥብ ሰባት!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥላ ራሷ ጠየቀች፦ «ቲቸር፣ ታዲያ እኚህ ሰውዬ ማዳበሪያ የገዙበት ብር ምን ሆነ?»

ፎስፈረስ በአሲዳማ አፈር ለምን እንደሚታሰር በ19 ዓመት አስተማሪነቴ እንደዚያ ቀን አስረድቼ አላውቅም። የካፌ ምሳ ሰዓት አለፈባቸው፤ የወጣ የለም። በሳምንቱ ሰባት ተማሪዎች ከየአገራቸው አፈር አስልከው መጡ፤ አንዱ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንዷ በእናቷ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ። ወሩ ሳያልቅ የመለኪያው ኤሌክትሮድ ተሰበረና ከደመወዜ ተቆረጠ። አልቆጨኝም። ግን ይህ ወጪ የመምህሩ ሊሆን አይገባውም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ለትምህርት የተገዛ መሣሪያ ተማሪ እጅ ይግባ፤ ተማሪ እየተማረበት የሰበረውም እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት አላቂ ዕቃ ይቆጠር። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ከአካባቢው ሕዝብ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይቀበልና ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እሱን ይዞ ይደግ፤ እስከ መጨረሻው ዓመት አፓረንትሺፕ አናስጠብቀው። ፈተናችን ሀንድአውቱ ላይ የሌለ፣ አንድ ገበሬ ወይም አንድ ታማሚ ሊያመጣው የሚችል ጉዳይ ይጠይቅ። መምህሩ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ቢያስረዳ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት። ለመምህር ዕድገት ስትሰጡ የታተመለትን ጽሑፍ ብቻ አትቁጠሩ፤ ኑና ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር እዩት።

የአፈሩን ውጤት ለአባትየው በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ኖራ እንደሚያስፈልገው፣ መጠኑም በሄክታር በብዙ ኩንታል እንደሚቆጠር፣ ከወረዳው ግብርና ባለሙያ ጋር እንዲመካከሩ አስረዳኋቸው። በደንብ አዳመጡኝ፤ መረቁኝ። ከዚያ «ልጄ ነው መርምሮ ያወቀው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የመረመሩት የሌሎች ሐምሳ ስምንት አባቶች ልጆች መሆናቸው እየታየኝ ዝም አልኩ።

አፈሩ አልቋል፤ ፌስታሉ ባዶ ነው። በዚህ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ እኚያ አባት ማሳ ላይ መውረድ እፈልጋለሁ። ለልጃቸው ደውዬ ነገርኩት። መለኪያውን እሱ እንዲይዝ፣ ለአባቱም እሱ እንዲነግራቸው ጠየቅሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ «እመጣለሁ» ብሎኛል። የጎደለን አንድ አውቶቡስና ነዳጅ ነው። የጥያቄው ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው።

እባካችሁ ፈርሙበት።



የአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ መምህር